ጠላ ያልነበረው የአቦ ማኅበር

የልጅ ልጄ ሀብታሙ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዝ ቀይሮ መውጣት ጀምሮ ነበር። ወዴት ነው ስለው «ስብሰባ» ይላል፤ የምን ስብሰባ ስለው ጫማውን ያያል። እኔ ሴት ይዞ ነው ብዬ በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ እናቱ በጆሮዬ ነገረችኝ። መጠጥ ያሸነፋቸው ሰዎች ከመናኸሪያው በስተጀርባ ካለች አንዲት አዳራሽ እየተሰበሰቡ፣ ወንበር ከበው ተቀምጠው፣ በየተራ ጉዳቸውን ይናገራሉ አሉ። ተናግረውም ሳይጠጡ እንዲሰነብቱ ይተጋገዛሉ። እሱም ጥቂት ሐሙስ ሄዶ ቀረ። ምነው ቀረህ ብዬ ብጠይቀው፣ ይህ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ዘዴ ነው፤ ለእኛ ሰው አይሆንም፤ እኛ ጉዳችንን ለሰው አንናገርም፤ ብሎ ሊያስረዳኝ ተቀመጠ። በዚህ ዕድሜዬ የማላውቀውን ነገር ሰው ሲያስረዳኝ እታገሣለሁ። የማውቀውን ሲያስረዳኝ ግን ደሜ ይፈላል። አዲስ ነገር ይለኛል። በጣሊያን ጊዜ፣ እዚሁ ከተማ ዳር፣ ለእንዲህ ያለው ስብሰባ ተልባ እየወቀጥኩ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ወረቀት አምጡልኝ አልኩ። መጻፍ ሲያምረኝ የሚከለክለኝ የለም፤ ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው ማኅበር ላይ ነው፤ ያስቆጠሩኝም ሰካራም ናቸው።

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ሉማሜ በሚወስደው መንገድ፣ የከተማው ቤት አልቆ እርሻ ከሚጀምርበት ላይ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከተማይቱን ያን ጊዜም ገና መንቆረር እያሉ ነው የሚጠሩት። ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ ጣሊያን ከገባ በኋላ፣ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ይበቃል። እኔ ሹሩባ መሠራት የጀመርኩ ልጃገረድ ነበርኩ። ገበያው በሁለት ገንዘብ ይገበያይ ነበር። ጣሊያን ሊሬ ተቀበሉ ይላል፤ ባላገሩ ጠገራ ብር ካላየሁ የጆንያዬን አፍ አልፈታም ይላል። በአንድ ጠገራ ብር የሰባ በግ ይገዛ እንደነበር ለዛሬ ልጆች ስነግራቸው ይስቁብኛል። አቡጀዲ የሚለካው በነጋዴው ክንድ ስለነበር እናቴ ጨርቁን ከማየቷ በፊት የነጋዴውን ክንድ ታይ ነበር፤ አጭር ክንድ ካየች ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ታልፋለች። ወንዱ ቡሉኮ ለብሶ ይውላል፤ ለጣሊያን መንገድ የሚሠራው ጎረምሳ ደግሞ የካኪ ቁምጣ ታጥቆ ሲሄድ ሽማግሌዎቹ ጉልበቱን አይተው እሱ ያላፈረውን እነሱ ያፍሩለት ነበር። የመንገድ ሥራው ደመወዝ ከመጣ ወዲህ ከገበያው መግቢያ፣ ከግራሩ ሥር፣ የአረቄ ቤቱ በር ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቀድሞ ይከፈት ጀመር። ዛሬ ግራሩ የለም። በቦታው የሞባይል ካርድ የሚሸጥባት ኪዮስክ ቆማለች፤ ባለፍኩ ቁጥር አረቄው ነው የሚሸተኝ።

እናቴ ጥሩወርቅ የአካባቢው አንደኛ ጠላ ጠማቂ ነበረች። ጋኖቿን በወይራ ጭስ ስታጥን መንገደኛው ሳይጠራ ወደ ግቢያችን ይታጠፍ ነበር። ሰርግ ላይ ዘፍነውላታል፤

«የጥሩወርቅን ጠላ አንድ ጊዜ የቀመሰ፣
ቤቱን ረስቶ ውሎ በጨለማ ደረሰ።»

ዘፈኑ ሲዘፈን እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ ታደርጋለች፤ ሰው አፍራ ነው ይላል። አፍራ አይደለም፤ ተናዳ ነው። ቤቱን ከረሱት ሁሉ ቀዳሚው የቤቱ ባለቤት፣ አባቴ ቢተው ነበር። አባቴ ሳይጠጣ ዝምተኛ ነው፤ በሬዎቹን እንኳ የሚያናግራቸው በፉጨት ነው። ሲጠጣ ግን ተነሥቶ ይፎክራል። ዘምቶ ተመልሷልና እንዲህ ገደልኩ፣ እንዲህ ማረክሁ ይላል። ጣሊያን ያንገሸገሸው ሰው ሁሉ ያንን ፉከራ መስማት ስለሚወድ ያጠጣዋል፤ ሲያጠጡት ይፎክራል፤ ሲፎክር ያጠጡታል። እናቴና እኔ በር ላይ ቆመን ይህ ነገር መቋጫው የት ነው እንላለን። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከዘመቻው ይዞት የተመለሰውን ጠመንጃ በአጎዛ ጠቅልሎ ከጓዳችን ወለል ሥር መቅበሩ ነበር። ይህን የምናውቅ ሦስታችን ብቻ ነን። ጠመንጃ የተገኘበት ሰው ይሰቀላል ተብሎ ታውጆ ነበር፤ የተሰቀለም አይተናል። ስለዚህ ሌላው ባል ሲጠጣ ሚስቱ ለገንዘቧ ትፈራለች፤ የእኔ እናት የምትፈራው ለአንገቱ ነበር።

ያልሞከረችው የለም። ጠበል ወሰደችው፤ ጠበሉ ያስጠማኛል እያለ ሲመለስ አረቄ ቤት ገባ። የንስሐ አባቱን አስገዘተችው፤ ከጠላ ቢገዘት ጠጅ ጠጣ፣ ከጠጅ ቢገዘት አረቄ ጠጣ። አንዱ በር ሲዘጋበት በሌላው የሚገባ ፍየል ነበር የሚመስለኝ። ለቅዱሳን ሁሉ ተሳለች፤ አንዳንዱ ቅዱስ ገና ስለቱ እንዳልደረሰው ነው።

አንድ የገበያ ቀን አያ ዳኘው፣ ከቁይ እህል ከሉማሜ ጨው የሚያመላልሰው ባለ በቅሎ፣ አባቴን በበቅሎ ላይ በሆዱ አስተኝቶ፣ ቡሉኮ ደርቦበት፣ ግራና ቀኝ ጨው ጭኖበት ከደጃችን ደረሰ። አባቴ አረቄ ቤት ውስጥ ተነሥቶ፣ ጠመንጃዬ በጓዳዬ ተኝታ ቀኗን ትጠብቃለች፤ ብሎ ፎክሮ ነበር። አያ ዳኘው ራሱ ብርሌ ጨብጦ አጠገቡ ተቀምጦ ኖሮ፣ ቡሉኮውን ራሱ ላይ ጥሎበት፣ የሚጥል በሽታው ተነሣበት ክብሪት ጫሩልኝ እያለ እየጮኸ አወጣው። ጠላችንን ሊቀምስ እንኳ ሳይቀመጥ እናቴን ወደ ግቢው ጥግ ጠራት።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ዛሬ በጨው ሸፍኜ አመጣሁልሽ» አላት። «በሌላ ቀን እኔም ሰክሬ እገኛለሁ። ያን ጊዜ ሁለታችንንም የሚያመጣ የለም።»

በማግስቱ እናቴ ጋኖቿን አንድ በአንድ እያወጣች ደፋች። ያን ቀን የጎረቤቱ ላም ሁሉ አተላ ጠጥታ ስትንገዳገድ ዋለች። ባዶዎቹን ጋኖች አጥባ በጓዳው ወለል ላይ አፋቸውን ደፍታ አስቀመጠቻቸው፤ ትልቁን ጠመንጃው ከተቀበረበት አፈር ላይ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መሪጌታ ላቀው ሄደች። መሪጌታ ላቀው ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ከመርጡለ ማርያም ድረስ ዳዊት ጻፉልን እያሉ ብራና የሚልኩላቸው። ቅስናም ነበራቸው። በኋላ ግን እጃቸው በመጠጥ ምክንያት ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ብራናው ላይ ቀለም ደፉ፤ የሚልክላቸውም ቀረ። እናቴ ምን ፈልጋ ወደ እሳቸው እንደሄደች ስጠይቃት፣ የወደቀ ሰው ጉድጓዱ የት እንዳለ ያውቃል አለችኝ። መሪጌታም ብቻውን የሚጠጣ ሰው ጥቂት ነው፣ ብቻውን የሚተው ግን ጭራሽ የለም አሉ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ፍለጋ አልከበደም። አያ ዳኘው አለ። ንብ አናቢው አያ ምናለ አለ፤ ማሩ በሙሉ ጠጅ ሆኖ እየቀረ ገበያ ደርሶ የማያውቅ ሰው ነው። አባቴ አለ። አራት ሰው ዝም ብሎ ቢሰበሰብ ጣሊያን ስለሚጠረጥር ማኅበር እናድርገው ተባለ። ማኅበሩም የአቦ ይሁን ተባለ፤ አቦ ጠላ ቀርቶ ውሃ ያልቀመሱ ጻድቅ ናቸውና ከእሳቸው የተሻለ ለዚህ ነገር ማን ይገኛል። መሪጌታ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ማለት ነው፣ ሆነው ሁሉንም ገዘቱ፤ እሳቸውን ማን እንደገዘታቸው ግን አልሰማሁም።

ማኅበር በየቤቱ መዞር ነበረበት። የሌሎቹ ሚስቶች ግን ለማኅበር ተልባ አቅርበን ስማችንን አናስጠፋም ብለው እምቢ ስላሉ ወር በገባ በአምስት ሁልጊዜ እኛ ቤት ሆነ። እነሆ ወንዶቹ ይመጣሉ። ዳቦው ይቆረሳል። እኔ የወቀጥኩት ተልባ በዋንጫ ይቀርባል። አባቴ፣ አያ ዳኘው ብቻውን እንዳይሆን ነው የመጣሁት ይላል። አያ ዳኘው ለአያ ቢተው ብዬ ነው ይላል። አያ ምናለ መሪጌታን አክብሮ ነው የመጣው። መሪጌታ ያለ ሙሴ ማኅበር አይቆምም ብለው ነው። ታማሚ የሌለበት፣ አስታማሚ ብቻ የተሰበሰበበት ቤት ሆነ። ስለ በሬ ያወራሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ስለ ጣሊያን በቅሎዎች ትልቅነት ያወራሉ፤ አረቄ የሚለው ቃል ከአፋቸው አይወጣም። አንድ ጊዜ አያ ምናለ እየተንገዳገደ ገባ፤ ትንፋሹ ከበሩ እስከ ጓዳው ይሸታል። ምን ቢሉ ጥሩ ነው፤ «ቁልቁለቱ አድክሞታል።» ቁልቁለት! ቤታችን ሜዳ ላይ ነው። እናቴ በጓዳው መጋረጃ ኋላ ሆና ከንፈሯን ስትነክስ አይቻለሁ። እኔ ደግሞ ዘነዘናውን በሙቀጫው ላይ አጠንክሬ እመታው ነበር፤ አንድ ቀን አባቴ፣ ልጄ ተልባው ሞቷል፣ ተይው አለኝ።

ለእኔ የነበረው አንድ ደስታ መሪጌታ ነበሩ። አረቄ ቤቱ ለደጃቸው ቅርብ ስለሆነ ከቤታቸው መዋል አስፈርቷቸው የማኅበሩ ቀን ባይሆንም ማልደው እኛ ዘንድ ይመጡ ነበር። ሥራ ሲያጡ ወለሉ ላይ አመድ በትነው በጭራሮ ፊደል ይጽፉልኝ ጀመር። የእሳቸው «ሀ» እግሮቿ ይብረከረካሉ፤ የእኔ «ሀ» ግን ቀጥ ብላ ትቆማለች። ይህን ሲያዩ እንደ ልጅ ይደሰታሉ፤ እኔ ደስታዬን የት አባቴ ላድርገው። የፍየሎቻችንን ስም በከሰል በረቱ ላይ ጻፍኩ፤ የእናቴን ስም በቅቤው ቅል ላይ ጻፍኩ፤ ሊጡን ስታቦካ በጣቴ ሊጡ ላይ እጽፍና በጥፊ እመታለሁ። ዛሬም ብዕር ስይዝ ያ ደስታ ክርኔ ድረስ ይመጣል። ግን ወደ ነገሩ ልመለስ።

የከዳን አተላ ነው። ጎረቤታችን እትዬ የሺ እናቴ ጠላ በጠመቀች ቁጥር ማሰሮ ይዛ እየመጣች ለላሟ አተላ ትወስድ ነበር። ከማኅበሩ ማግስት አንድ ወር መጣች፤ የለም። ሌላ ወር መጣች፤ የለም። ማኅበር ያለበት ቤት እንዴት አተላ ያጣል። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን ላሟን ትወድ ነበር፤ የላሟን ጾም ማደር በየምንጩ ላገኘችው ሁሉ ነገረች። ወሬው ዞሮ ዞሮ ከአስረስ ጆሮ ደረሰ። አስረስ ለጣሊያን ያደረ የሰፈራችን ሰው ነው፤ ከአባቴ ጋር በአንድ ደብር ክርስትና የተነሣ፣ አብሮት የጠጣ፣ የአባቴ አፍ በምን እንደሚከፈት ከሚስቱ ይልቅ የሚያውቅ። በሚቀጥለው የአቦ ዕለት፣ ዳቦው ገና ተባርኮ ሳይቆረስ፣ ጥቁር ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። ሁለት የታጠቁ ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ። እናቴ እኔን በክርኗ ገፍታ ወደ ጓዳ አስገባችኝ፤ ጀርባዬን ለትልቁ ጋን ሰጥቼ፣ ሙቀጫዬን አቅፌ ተቀመጥኩ። መጋረጃው ግማሽ ክፍት ነበር፤ ሁሉን አያለሁ።

«የምን ማኅበር ነው?» አለ።

«የአቦ ነው» አሉ መሪጌታ።

«ጠላው የታለ?»

ሁሉም ወደ ዳቦው አዩ፤ ዳቦው መልስ የሚሰጥ ይመስል። አስረስ የአባቴን ዋንጫ አንሥቶ ቀመሰና መልሶ አስቀመጠው። ተልባ ለመጠጣት አራት ወንድ ከርስቱ ተነሥቶ አይሰበሰብም፤ ጋኑን ደፍቶ የሚሰበሰብ ሰው የሚመክረው ነገር አለው፤ ለሽፍታ ስንቅ የምታቀብሉት እናንተ ናችሁ፤ አለ። በመጠርጠሩ አይፈረድበትም፤ እኔም እሱን ብሆን ያንኑ አስብ ነበር። በአገራችን ጠላ የሌለው ማኅበር ከጠመንጃ ይልቅ ያስፈራል። ከዚያ ከካፖርቱ ኪስ አንድ ጠርሙስ የጣሊያን ኮኛክ አወጣ። ቡሹን ነቀለው፤ ሽታው እኔ እስካለሁበት ጓዳ ገባ። ተልባውን መሬት ላይ ደፍቶ በአባቴ ዋንጫ ኮኛኩን ቀዳ።

«ቢተው ወንድሜ» አለ፣ «ያንተን ነገር ያለዚህ አውጥቼው አላውቅም። ጠጣ።»

አንዲት ዋንጫ ነበረች በአባቴና በገመዱ መካከል። ከጠጣት ሁለተኛዋን ይጠይቃል፤ ሁለተኛዋን ከጠጣ ተነሥቶ ይፎክራል፤ ከፎከረ ጀርባዬን የሰጠሁት ጋን ይነሣል። እምቢ ካለ ደግሞ እምቢታው ራሱ መልስ ነው። የአባቴ እጅ ወደ ዋንጫው ሄዶ ከጫፉ ላይ ቆመ። መሪጌታ ጎንበስ ብለው፣ ከግዝቱ ፈትቼሃለሁ፣ ጠጣና ሕይወትህን አትርፍ አሉት። አባቴ ወደ እሳቸው ዞረ።

«መሪጌታ፣ እርስዎ የፈቱኝን ማን መልሶ ያስረኛል?»

ዋንጫውን በጣቱ ወደ አስረስ መልሶ ገፋው።

«አስረስ፣ ከጠጣሁ የምነግርህን ሳልጠጣ ልንገርህ። ስለ ዘመቻዬ ስፎክር ሰምተኸኛል። ውጊያው የሆነ ቀን እኔ ከቁጥቋጦ ሥር ሰክሬ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ጦሩ አልፏል። የገደልኩት የለም፤ የማረክሁት የለም። በየመንደሩ እየፎከርኩ፣ በፉከራዬ እየተቀዳልኝ ነው ቤቴ የደረስኩት። ይኸው ነው።»

ይህን ሰው ለፉከራው ሲሉ ስንት ብርሌ የገዙለት ሰዎች ናቸው ከበውት የተቀመጡት። አስረስ ግን ያልረሳውን ጠየቀ።

«ጠመንጃህስ?»

አባቴ ወደ ጓዳው አላየም። «እሱንም ጠጣሁት» አለ።

«ለማን ሸጥከው?»

አባቴ ውሸቱን እስከዚያ ድረስ አላዘጋጀውም ነበር። ይሄኔ አያ ዳኘው ጉሮሮውን ጠረገ። «ለእኔ ነው የሸጠው» አለ። «እኔም ቁይ ሳልደርስ ጠጣሁት። ለማን እንደሰጠሁት በቅሎዬ ካልነገረችህ እኔ አላውቅም፤ ወደ ቤት ያመጣችኝ እሷ ናት።» አያ ምናለ ቀጠለ፤ የጠጣችሁት እኮ የእኔን ጠጅ ነው፣ ጠመንጃዋ ያለቀችው በእኔ ቤት ነው አለ፤ እንደተበደለ ሰው ፊቱን አኮሳትሮ። መሪጌታ በመጨረሻ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አውጥተው አስረስ ፊት ዘረጉት። «እኔም ከዚያችው ቀምሻለሁ» አሉ። እጁ እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚህች እጅ ዳዊት ይጻፍ እንደነበር አስረስም ያውቃል፤ ለአባቱ ተዝካር ዳዊት የጻፉለት እሳቸው ነበሩ።

አስረስ መጀመሪያ የመሪጌታን እጅ አየ። ከዚያ አራቱን በየተራ አየ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባውን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገ። አንዲትን ጠመንጃ ለአራት ጠጧት እያለ በሩ ላይ ለቆሙት ነገራቸው፤ እነሱም ሳቁ። የቀዳውን ኮኛክ ራሱ ጨለጠው፤ ቡሹን መልሶ ወተፈው፤ ጠርሙሱን ዳቦው አጠገብ አስቀመጠው።

«ይህን ትቼላችኋለሁ» አለ። «በመጪው አቦ መጥቼ አየዋለሁ። ካልጎደለ ማኅበራችሁ እውነት ነው። ከጎደለ ግን ሁሉም ነገራችሁ ውሸት ነው፤ ያን ጊዜ ጓዳውን እቆፍራለሁ።»

ወጡ፤ የጫማው ድምፅም ከግቢው ጠፋ። እናቴ መጥታ አባቴ ፊት ቆመች። የቁጥቋጦው ነገር ለአስረስ ብለህ የፈጠርከው ነው አይደል አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ልመና ነበረበት። አባቴ፣ ውሸቱ ጠመንጃው ብቻ ነው አላት። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች፤ የተደፋውን ዋንጫ አጥባ ተልባ ሞልታ አምጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ለእንግዳ እንጂ ለባሏ በሁለት እጇ ስትሰጥ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ማኅበሩ የተጀመረው ያን ቀን ነው እላለሁ። መሪጌታ ቀለም ስለደፉበት ብራና ተናገሩ፤ አያ ዳኘው በመንገድ ጥሎት ስለመጣው ባልንጀራው ተናገረ፤ አያ ምናለ ቁልቁለት እንዳልነበረ ተናገረ። እኔ ሙቀጫዬን አቅፌ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። ይህን ለመናገር ባንዳ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረባቸው?

ንዴቴ ገና ነው። ተነጋግረው ሲያበቁ ወደየቤታቸው መሄድ አልቻሉም። ጠርሙሱ አለ። አንዱ ሲነሣ ሌላው ጠርሙሱን ያያል፤ የተነሣው ተመልሶ ይቀመጣል። መድፋት አይቻልም፤ ማስቀመጥ አይቻልም፤ አንዱም ሌላውን አያምን፣ ራሱንም አያምን። እናቴ፣ ለእኔ ስጡኝና እኔ አኖረዋለሁ አለች፤ ከሁሉ ቀላሉ ነገር። አባቴ እምቢ አለ። ለአንቺ ከሰጠንሽ መጠጥ የተውሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኛ አይደለንም አላት። በመጨረሻ መሪጌታ ከአንገታቸው ማተባቸውን ፈቱ። መጠጡ በቆመበት ልክ ጠርሙሱን በማተቡ ዙሪያውን አሰሩት። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ቋጠሮው ተወላገደ፤ እኔ ላግዝዎት ብዬ ብዘረጋ እጄን በቀስታ መለሱት። ከዚያ ጠርሙሱ እንደ ማኅበር ጽዋ ከቤት ወደ ቤት ይዙር ተባለ፤ የተረከበው ሁሉ መጠጡን ከክሩ ጋር ለክቶ ይረከባል፣ ለክቶ ያስረክባል። እምቢ ያሉት ሚስቶችም ጠርሙሱን ለመጠበቅ ሲሉ ደጃቸውን ከፈቱ፤ ተልባም መውቀጥ ለመዱ።

አስረስ ታሪኩን ለከተማው ሁሉ ነገረው። አባቴ በገበያ ሲያልፍ ልጆች ቁጥቋጦ እያሳዩት ይተኙለት ነበር። እናቴ ለጥቂት ጊዜ ገበያ መውጣት ተወች። ነገር ግን አንድ ነገር ሆነ፤ ለፉከራው ብሎ የሚያጠጣው ሰው ጠፋ። ከጠበልና ከግዝት ይልቅ ይህ ሠራ። በመጪው አቦ አስረስ መጣ፤ ብቻውን ነበር። ጠርሙሱን ወደ በሩ ብርሃን አንሥቶ ክሩን አየ፤ መጠጡ ከክሩ ጋር ልክ ነበር። እስቃለሁ ብሎ መጥቶ ኖሮ አልሳቀም። ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው፤ ይቆይ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን አልመጣም። ጣሊያን ሲወጣ ጠመንጃው ከጋኑ ሥር ወጣ፤ ዝጎ ተጣብቆ ለምንም የማይሆን ብረት ሆኖ ነበር። ለዚህ ነው ወይ ያን ሁሉ ያሳለፍነው ብላ እናቴ እግሯን ዘርግታ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ጋኖቿን አላቃናችም።

ጠርሙሱ ግን መዞሩን አልተወም። የሚያስፈራቸው ሰው ከሄደ በኋላ ለምን ታዞሩታላችሁ ብላቸው፣ አንቺ አይገባሽም ይሉኛል። አንድ ዓመት መጠጡ ከክሩ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ሽማግሌዎቹ ለሁለት ክረምት ተኳርፈው እርስ በርስ ተካሰሱ። እናቴ ጥርሷን ሲያማት በጥጥ ነክራ እንደያዘችበት የነገረቻቸው ኩርፊያው ሲሰለቻት ነው፤ እነሱ ግን እሷን ሳይሆን እርስ በርስ መወቃቀሱን መረጡ። መሪጌታ መጀመሪያ ሄዱ፣ ከዚያ አያ ምናለ፣ ከዚያ አያ ዳኘው። የሚረከበው ሰው ሲጠፋ ጠርሙሱ አባቴ ዘንድ ቀረ። እሱ ሲሞት ወደ እኔ መጣ፤ ከቁም ሣጥኔ ላይ አለ። ዘመኑ ራሱ እየጠጣው ከግማሽ ወርዷል፤ ክሩ ግን ያለበት አለ።

ይህን ሁሉ ለሀብታሙ ነገርኩት። ለሰካራም ጠርሙስ ያስይዛሉ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ፤ በእነሱ ስብሰባ ጠርሙስ በሩን እንኳ አያልፍም አለ። ከዚያ ሳቁን ትቶ አንዴ ልያዘው አለ። ያዘው፤ ብዙ ቆየ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጢሙን ተላጭቶ ከክፍሉ ወጣ፤ ጠርሙሱን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ከለከልኩት? አልከለከልኩትም። ሲወጣ ነው የሠራሁት ነገር የገባኝ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ኮኛክ ለጠጪ አስይዤ፣ በአረቄ ቤት በኩል ሰድጄ፣ በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ራሴን ስረግም ዋልኩ። እናቱ ምን ሆነሻል ብትለኝ ጥርሴን ነው አልኳት።

ሲመሽ ተመለሰ። ፌስታሉን ፈትቶ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ትንፋሹን ለማሽተት ተጠጋሁ፤ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ወስጄ አባቴ እንደሚያደርገው በአውራ ጣቴ ለካሁት። መጠጡ እንደነበረ ነው። ክሩ ግን የመሪጌታ ክር አልነበረም፤ አዲስ ነው፣ ነጭ፣ ከዛሬው መጠጥ ልክ ላይ ወርዶ የታሰረ። ጮኽኩበት፤ የእሳቸውን ማተብ የት ጣልከው አልኩ። ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ የበሰበሰ ክር አውጥቶ ሰጠኝ፤ ሰዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብሉት ተበጠሰ አለ። የዛሬ ሳምንት ጠርሙሱን የሚረከበኝ ሰው አለ፣ ስጪኝ አለ። ይህንስ ማን አሰረው ብዬ ልጠይቀው አልኩና ተውኩት። አዲሱ ቋጠሮ ተወላግዷል። ያሰረው እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።